አልፎ አልፎ አልነሳ የሚል ተሽከርካሪ እንዴት ይመረመራል?

ጨርሶ የማይነሳ ተሽከርካሪ ወደ ጋራዥ ይጎተታል፤ ጉዳዩም በዚያው ያልቃል። በእርዳታ ሥራ ላይ ይበልጥ የሚያስቸግረው ዛሬ ተነስቶ ነገ እምቢ የሚለው ነው። እንዲህ ያለው መኪና ጋራዥ ሲደርስ ደህና ሆኖ ስለሚገኝ ሳይጠገን ይመለሳል፤ ውሎ አድሮም እህልና መድኃኒት በሚጠበቅበት ጣቢያ መንገድ ላይ ይቀራል። ሹፌሩም ከሥጋት የተነሣ ሞተሩን ሳያጠፋ ይውላል፣ ወይም ቁልቁለት እየፈለገ ያቆማል። ይህ ለዕለቱ ቢረዳም ናፍጣ ይፈጃል፤ ጉድለቱንም ይሸፍናል።

ስለዚህ ምርመራው መካሄድ የሚገባው መኪናው እምቢ ባለበት ሰዓት ነው። በመዝገቡ ላይ «አልነሳም» ብሎ መጻፍ ብቻውን ለመካኒኩ አይጠቅመውም። ሞተሩ ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቅዞ፣ ስንት ሰዓት ቆሞ ነበር፣ ቁልፉ ሲዞር ምን ድምፅ ተሰማ የሚለው መመዝገብ አለበት።

ሞተሪኖው ሞተሩን የማያዞር ከሆነ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑ ተረጋግጦ፣ የፊት መብራት በርቶ ቁልፉ ይዞር። መብራቱ ደብዝዞ ሊጠፋ ከደረሰ ጥፋቱ የባትሪው ወይም የኬብል ማሰሪያዎቹ ነው። ሙሉ ኃይል ያለውና ለሰዓታት ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ፣ ሞተሪኖው ሲሠራ በባትሪው ነጌቲቭ ጫፍና በሞተሩ አካል መካከል ከ0.5 ቮልት በላይ ከተለካ የማሳው ኬብል ዝጓል ወይም ላልቷል።

መብራቱ ሳይደበዝዝ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ ግን ባትሪ መለወጥ ከንቱ ወጪ ነው፤ ይሁንና ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለወጠው እርሱ ነው። በመስክ ሥራ በሚታወቁት የናፍጣ ቶዮታ ላንድክሩዘሮች በሞተሪኖው ሶሌኖይድ ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ መገናኛዎች በኤሌክትሪክ ብልጭታ እየተበሉ ይሄዳሉ፤ አንዱም ከሌላው ፈጥኖ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ተንቀሳቃሹ ዲስክ አንዴ ይነካቸዋል፣ አንዴ አይነካቸውም። ቁልፉ አራት አምስት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ መኪናው ምንም እንዳልነበረበት የሚነሳው ስለዚህ ነው። ለማረጋገጥ ቴስተሩ በሶሌኖይዱ ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ላይ ተይዞ ቁልፉ ይዞር፤ «ቀጭ» ካለ በኋላም 12 ቮልት ገደማ ካሳየ መገናኛዎቹ አልገጠሙም። የባትሪው ነጌቲቭ ኬብል አስቀድሞ ተፈትቶ መዳቦቹ ብቻ ሊለወጡ ይችላሉ፤ ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት ሁልጊዜ አያስፈልግም። ምንም ድምፅ ከሌለ ከቁልፉ ወደ ሶሌኖይዱ የሚሄደው ቀጭን ሽቦና ሪሌው ይታዩ።

ሞተሪኖው በኃይል እያዞረ ሞተሩ ካልነሳ ጉዳዩ የናፍጣ ነው፤ በደጋ ብርድ ደግሞ የካንዴሌታዎቹ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ካደረ በኋላ ጠዋት ብቻ የሚታይና በማጣሪያው ላይ ያለው የእጅ ፖምፓ ሲጫን የሚወገድ ከሆነ፣ ከታንከሩ እስከ ፖምፓው ባለው መስመር አየር እየገባ ነው። አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ናፍጣ ላያንጠባጥብ ስለሚችል፣ የጎማ ቱቦዎቹና ማሰሪያዎቻቸው ደረቅ ቢመስሉም አንድ በአንድ መፈተሽ አለባቸው።