የሰርቭ ተራ መቀየር፦ ለታዳጊ መረብ ኳስ አሠልጣኞች

አብርሃ ጅራ ላይ የታዳጊ መረብ ኳስ ቡድን ይዛችኋል። ስድስት ልጆች ሜዳ ውስጥ ናቸው፤ ሦስት አራት ተጠባባቂ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጨዋታው እኩል ሲሄድ ቆይቶ ድንገት አምስት ነጥብ ተከታትሎ አመለጠ። ከዳር ያለው ሰው «ቀይረው! ቀይረው!» ይላል።

ቆዩ። የሰርቭ ተራ በጩኸት አይቀየርም። በወረቀት ተቆጥሮ፣ በሁለት ዙሮች መሐል ይቀየራል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ልጅ ከልጅ መለዋወጥ እንኳ አያስፈልግም፤ የምትጀምሩበትን ቦታ ማዞር ብቻ ይበቃል። እንዴት እንደሚሠራ እነሆ።

የሚያስፈልጋችሁ፦ አንድ ባለመስመር ደብተር፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ማርከር፣ 6 የለስላሳ ቆርኪ።

ደረጃ 1፦ ሜዳውን ሳሉ

ደብተሩ ላይ የራሳችሁን ግማሽ ሜዳ ሳሉ። መረቡ ከላይ ይሁን። ከኋላ በስተቀኝ 1 ብላችሁ ጻፉ። ከፊት በስተቀኝ 2፣ ከፊት መሐል 3፣ ከፊት በስተግራ 4፣ ከኋላ በስተግራ 5፣ ከኋላ መሐል 6። ሰርቭ የሚመታው ሁልጊዜ 1 ላይ ያለው ልጅ ነው።

ቆርኪዎቹ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ ብላችሁ በማርከር ጻፉ። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ልጅ ነው። ሀን 1 ላይ፣ ለን 2 ላይ እያላችሁ እስከ 6 አስቀምጡ። አሁን ሁሉንም አንድ ቦታ አዙሩ፦ 2 ላይ የነበረው ወደ 1፣ 1 ላይ የነበረው ወደ 6። ልጆቹ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራሉ፤ የቦታዎቹ ቁጥር ግን በተቃራኒው ይሄዳል። ብዙ ጀማሪ አሠልጣኝ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ እጃችሁ እስኪለምደው ቆርኪዎቹን ደጋግማችሁ አዙሩ።

ደረጃ 2፦ ጥንዶቹን ለዩ

1 ከ4፣ 2 ከ5፣ 3 ከ6 ጋር ጥንድ ናቸው። ከጥንዶቹ አንዱ ፊት ሲሆን ሌላው ኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ችሎታ ያላቸውን ሁለት ልጆች ጥንድ አድርጉ።

ኳስ ለመቺ የሚያነሱትን ሁለት አቀባዮች ሀ እና መ በሏቸው። ሁለቱን ጠንካራ መቺዎች ለ እና ሠ በሏቸው። የቀሩት ሁለቱ ሐ እና ረ ይሁኑ። አሁን ሜዳው በየትኛውም ጊዜ ቢዞር ፊት ላይ አንድ አቀባይና አንድ ጠንካራ መቺ አይጠፋም። ከዚህ በኋላ የምታደርጉት ለውጥ ሁሉ ይህን ሚዛን እንዳያፈርስ ተጠንቀቁ።

ደረጃ 3፦ ቁጠሩ

ስድስት ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ አስምሩ። ረድፎቹን በፊደል ሰይሙ። «የሐ ረድፍ» ማለት ሐ 1 ላይ ቆሞ ሳለ የሆነው ሁሉ ማለት ነው፤ ሰርቩን እናንተ ብትመቱም ብትቀበሉም። ነጥብ ስታገኙ + ጻፉ። ሲቆጠርባችሁ − ጻፉ። ነጥቡ የሄደው ራሳችሁ የመታችሁት ሰርቭ መረብ ላይ ቀርቶ ወይም ወጥቶ ከሆነ − ዋን በክብ ዝጉ።

ክቧን አትናቁ። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ የመታው ቡድን ብቻ ነበር፤ ሰርቭ ያበላሸ ቡድን ተራውን እንጂ ነጥብ አያጣም። ዛሬ እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ ነው። በዚያ ዘመን የተጫወቱ ታላላቆቻችሁ «ዝም ብለህ በኃይል ምታ» ሲሉ ብትሰሙ ምክንያቱ ይህ ነው። በጨዋነት ስሟቸው፣ አትከተሏቸው።

ሰንጠረዡን ለተጠባባቂ ልጅ ስጡ። እናንተ ጨዋታውን እዩ። የሚጽፈው ልጅ ሜዳ ሲገባ ደብተሩን ለሌላ ያስረክብ።

ከገጹ አናት ላይ ሁለት ነገር አስጽፉ፦ የቆማችሁበትን ወገንና ሰዓቱን። እንደ አብርሃ ጅራ ባለ ቆላ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የምትጫወቱት ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ሜዳው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከተሰመረ በምሥራቅ ወገን ያለው ቡድን የምትጠልቀው ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። ነፋስ ካለም እንደዚያው፤ ነፋሱን ፊት ለፊት የሚመታ ልጅ ኳሱ አጥሮ መረብ ላይ ይወድቅበታል። ቡድኖች በየዙሩ ወገን ይለዋወጣሉ። ልጁ የሚስተው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ተራውን አትንኩ፤ ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲመታ ንገሩት።

ደረጃ 4፦ ሰንጠረዡን አንብቡ

ቢያንስ ሦስት ዙር ሳይቆጠር አትወስኑ። አንድ ዙር ብቻ ያሳስታል፤ ተጋጣሚያችሁ አንድ ጎበዝ ሰርቭ መቺ ስላለው ሊሆን ይችላል።

የእያንዳንዱን ረድፍ + እና − ደምሩ። − ከ+ በሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሚበልጥበትን ረድፍ አስምሩበት። ሁለት ሦስት ረድፍ ቢገኝ የባሰውን አንዱን ብቻ ምረጡ።

ደረጃ 5፦ ምክንያቱን ለዩ

የተሰመረበትን ረድፍ እዩ። ክብ የበዛበት ከሆነ ችግሩ ሰርቩ ነው። ክብ ከሌለው በሚቀጥለው ልምምድ ልጆቹን በዚያው አቋቋም አቁሟቸውና 10 ሰርቭ ምቱባቸው። ኳሱ ከተቀባዮች እጅ እያመለጠ ከሄደ ችግሩ አቀባበሉ ነው። በደንብ ተቀብለው መረቡ ላይ የማይጨርሱ ከሆነ ችግሩ የፊት መስመሩ ነው።

አቀባበሉ ከሆነ ተራ አትቀይሩ። እግር ቀይሩ። ደካማውን ተቀባይ ወደ ጠርዝ ጠጋ አድርጉት፤ ጎበዙን መሐል አምጡት። የፊት ተጫዋች እንኳ ለመቀበል ወደ ኋላ መምጣት ይችላል።

ጥንቃቄ፦ ሰርቭ ስትቀበሉ ኳሱ እስኪመታ ድረስ የቦታ ሕግ አለ። 4 ከ5 ይልቅ ለመረቡ ይቅረብ። 3 ከ6፣ 2 ከ1 እንዲሁ። ከግራ ወደ ቀኝ ደግሞ 4፣ 3፣ 2 በቅደም ተከተላቸው፤ ከኋላም 5፣ 6፣ 1። ዳኛው የሚያየው እግር ነው። ከተዛባ ነጥቡም ሰርቩም ለተጋጣሚ ይሄዳል። ኳሱ ከተመታ በኋላ ልጆቹ ወደፈለጉበት ይሩጡ።

ደረጃ 6፦ መነሻውን አዙሩ

ችግሩ ሰርቩ ወይም የፊት መስመሩ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ሞክሩ። ዙሩ 25 ላይ ሲያበቃ ስድስቱ ረድፎች እኩል ጊዜ የሚደርሳቸው አልፎ አልፎ ነው። ቀድመው የሚመጡት አንድ ጊዜ ይበልጣሉ። ስለዚህ ደካማውን ረድፍ መጨረሻ ላይ አድርጉት።

ደካማው የሐ ረድፍ ነው እንበል። ሐ ዙሩን ሲጀምር 3 ላይ ነበር። ቆርኪዎቹን ሁሉ በሰዓት አቅጣጫ ሦስት ቦታ አዙሩ። ሐ 6 ላይ ደረሰ፤ 1 ላይ መ አለ። አዲሱ ተራ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ ሆነ። ልብ በሉ፦ ማንም ከጎረቤቱ አልተለየም። ከማን ቀጥሎ እንደሚመታ፣ ማን በቀኙ እንደሚቆም ልጁ የለመደው ሁሉ እንዳለ ነው። ለታዳጊ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥንቃቄ፦ ዙሩን በመቀበል የምትጀምሩ ከሆነ፣ ሰርቩን ስታገኙ መጀመሪያ ትዞራላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመታው 2 ላይ የቆመው ልጅ ነው። ጎበዝ ሰርቭ መቺያችሁ እንዲከፍት ከፈለጋችሁ 2 ላይ አቁሙት።

ደረጃ 7፦ ካልሠራ ጥንዶቹን አለዋውጡ

ሁለት ሦስት ዙር ቁጠሩ። ረድፉ አሁንም ከከሰረ አንድ ጥንድ ብቻ ቦታ አለዋውጡ፤ ሐን ከረ ጋር፣ ወይም ለን ከሠ ጋር። አቀባይን ከመቺ ጋር አታለዋውጡ፤ አንድ ጥግ ሲሞላ ሌላው ይጎድላል። ሁለት ጥንድ በአንድ ጊዜም አትንኩ። የትኛው እንደሠራ አታውቁትም።

ደረጃ 8፦ ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩ

ተራው የሚቀየርበትን ልጅ ከጨዋታው በፊት፣ ለብቻው ጠርታችሁ ንገሩት። በጓደኞቹ ፊት አይሁን፤ እናቱ ከዳር ቆማ እያየችም አይሁን። ምክንያቱን ከሰንጠረዡ አሳዩት። «ሰርቭህ መረብ ላይ እየቀረ ነው፤ ነገ ከመጨረሻ ትመታለህ። ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሠራበታለን» በቂ ነው። «እሺ ቲቸር» ብሎ አንገቱን ቢደፋም አታባብሉት። ቅዳሜ ግን ሜዳው ላይ ተገኙ።

ደረጃ 9፦ ወረቀቱን ለዳኛ ስጡ

ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የአቋቋም ወረቀቱን ሙሉ። የማሊያ ቁጥሮቹን ከቦታ 1 እስከ ቦታ 6 ጻፉ። ከመስጠታችሁ በፊት ከቆርኪዎቹ ጋር አመሳክሩ። አንዴ ከሰጣችሁ በኋላ ያለ ተጫዋች ቅያሬ የሚስተካከል ነገር የለም፤ እስከ ዙሩ መጨረሻ ተራው ያው ነው።

ደረጃ 10፦ ዙሩ መሐል ላይ የምትችሉትን እወቁ

መጀመሪያ እረፍት ጠይቁ። በአንድ ዙር ሁለት አላችሁ፤ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ነው። ውኃ አጠጧቸው። አንድ ነገር ብቻ ንገሯቸው።

ነጥቡ ካልቆመ ተጠባባቂ አስገቡ። በዓለም አቀፉ ሕግ በአንድ ዙር 6 ቅያሬ ይፈቀዳል። የወጣው ቋሚ ተጫዋች አንድ ጊዜ ብቻ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም እሱን በተካው ልጅ ቦታ ነው። በዚህ ተጠቀሙ፦ የሐ ተራ ሲደርስ ጎበዝ ሰርቭ ያለውን ተጠባባቂ አስገቡ፤ ተራው ሲያልፍ ሐን መልሱት። የትምህርት ቤት ውድድር አንዳንዴ የራሱን ደንብ ያወጣል። ከጨዋታው በፊት ዳኛውን ጠይቁ።

አምስተኛው ዙር ለብቻው ይታይ። የሚያበቃው 15 ላይ ነው፤ አንዱ ቡድን 8 ሲደርስ ወገን ትለዋወጣላችሁ። ረድፎቹ ሁለቴ ላይደርሱ ይችላሉ። ከሰንጠረዡ + የበዛባቸውን ሦስት ተከታታይ ረድፎች ፈልጉና ከእነሱ ጀምሩ።

ደረጃ 11፦ ለሰሊጥ አጨዳ ሁለተኛ ተራ አዘጋጁ

አጨዳ ሲደርስ ከቡድኑ ሁለት ሦስት ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ወደ እርሻ ይወርዳል። መምጣቱ የታወቀ ነገር ነው፤ ጳጉሜን ላይ ተዘጋጁ። ማን እንደሚሄድ ወላጆችን ጠይቁ። የሚሄደውን ልጅ ቆርኪ አንሱና በዓይነቱ የሚመስለውን ተጠባባቂ በዚያው ቦታ ተኩ። የቀሩትን አትነቅንቁ። የሚሄደው አቀባይ ከሆነ ሁለተኛ አቀባይ ከነሐሴ ጀምራችሁ አሠልጥኑ፤ ይህ በአንድ ሳምንት አይገኝም።

ለአዲሱ ስድስት አዲስ ሰንጠረዥ ክፈቱ። የድሮውን ቁጥር አትደምሩበት። ልጆቹ ከአጨዳ ሲመለሱ የመጀመሪያውን ሳምንት በተጠባባቂነት አስጀምሯቸው፤ ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የዋለ ወገብ ለሰርቭ ወዲያው አይቃናም።