የማይጠግኑትን መጠየቅ፦ ከአንድ የዛገ ስቶቭ የተማርኩት

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ ስለ ምናለሽ ተራ አንድ ገጽ ጽፌ ነበር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ምናለሽ ተራ የማይጠገን ዕቃ የለም» ይላል። መምህሬ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ጠይቀሻል?» ብሎ ጽፎ መለሰልኝ። እውነቱን ለመናገር አልጠየቅኩም። ሰው ሁሉ የሚለውን ነው የጻፍኩት። ጥያቄውን ይዤ ተመልሼ ስሄድ ያገኘሁትን ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ላካፍል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ።

ቦታው

እንደሚታወቀው መርካቶ አሁን ያለበትን ቦታ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። መርካቶ በየተራው የተከፋፈለ ነው፤ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ሶማሌ ተራ እያለ ይቀጥላል። ምናለሽ ተራ ደግሞ የአሮጌ ብረት ተራ ነው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያሉ የሚዞሩት ልጆች የሰበሰቡት ቆርቆሮ፣ በርሜልና የተሰበረ አልጋ እዚያ ይገባል፤ የከሰል ምድጃ፣ የቡና መቁያ፣ ባልዲ ሆኖ ይወጣል።

ስቶቩ

አክስቴ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ጥብስ የምትጠብሰው ባለ ሁለት ምድጃ በሆነ የሲሊንደር ጋዝ ስቶቭ ነው። ስቶቩ ዕድሜው ከእኔ አያንስም። ከጊዜ በኋላ እሳቱ ከሰማያዊነት ወደ ቢጫ ተቀየረ፣ ድስቱ ጥላሸት መያዝ ጀመረ፣ ድስት የሚቀመጥበት ፍርግርግም ተበልቶ በአንድ በኩል ሰመጠ። አዲስ ለመግዛት አቅም የላትም። ስቶቩ ከቆመ ምሳ የለም፤ ምሳ ከሌለ የቤት ኪራይ የለም። «ልዋጭ ሲመጣ ልስጠው እንዴ?» ስትለኝ፣ «ቆይ፣ እኔ ምናለሽ ተራ ልውሰደው» አልኳት። ሲሊንደሩን እዚያው ትተን ስቶቩን ብቻ ከነጎማው አሸክሜ ሄድኩ።

ባለሙያው ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። የዛጉት ብሎኖች አልፈታ ሲሏቸው ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አድርገው ጥቂት ጠበቁ፤ እንቢ ያሉትን በእስካርፔሎ ቆረጡ። ከዚያ ዕቃውን መሬት ላይ በሁለት ረድፍ ደረደሩት። አንዱ ረድፍ ላይ ፍርግርጉ፣ ዘይት የሚጠራቀምበት ትሪና እግሮቹ አሉ። ሌላው ላይ የጋዙ ጎማ፣ መክፈቻዎቹና ሬጉሌተሩ። ለምን እንደለዩት ያን ጊዜ አልገባኝም።

ዝገቱና የሚቀየረው

ዝገት የሚፈጠረው ብረት ከውኃና ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ነው፤ ጨው ያፋጥነዋል። ምግብ ቤት ውስጥ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ አሉ። የሚገነፍለው ወጥ ውኃና ጨው ያመጣል፣ ቆሻሻ የተጋገረበት ስብ ደግሞ እርጥበቱን ከሥሩ ይዞ ያቆያል። ዝገቱ እየተላጠ ሲወድቅ ከሥሩ ያለው ብረት እንደገና ይጋለጣል። ላዩን ብቻ የያዘ ዝገት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ብረቱን የበላው ግን ቀለም ቢቀቡትም ዋጋ የለውም። ሰውየው የሚለዩት በመዶሻ ነው፤ ደህናው ብረት ይጮሃል፣ የተበላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል ወይም ይበሳል።

ፍርግርጉን በቶንዲኖ በየዱት። ትሪውን ከበርሜል ላሜራ ሊቆርጡ ሲሉ እኔ ከክምሩ መሃል የሚያብለጨልጭ ዝርግ ቆርቆሮ መዝዤ «ጋሼ፣ ይሄ አይሻልም?» አልኳቸው። «አይሆንም የኔ ልጅ፣ እሱ ዚንክ አለው» አሉኝ። ቆርቆሮ እንዳይዝግ የተቀባው ዚንክ 420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። እሳት አጠገብ አይገባም። በርሜሉንም ቢሆን ምን ይዞ እንደነበር ጠይቀው ነው የሚገዙት።

ቀጥሎ እሳቱ የሚወጣባቸውን ሁለት በርነሮች ወደ ፀሐይ አነሱና በቀዳዳዎቹ አሳልፈው አዩ። በአንዱ ላይ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል እንጂ አልተበሉም። በቀጭን ሽቦ ጠረጉት፤ ግን እንዳያሰፉት ይጠነቀቁ ነበር፤ ከሰፋ እሳቱ ይበላሻል። የሌላው ቀዳዳዎች በዝገት ተበልተው እርስ በርስ ተገናኝተዋል። እሱን ጣሉትና ከሌላ ሙት ስቶቭ የወጣ ልኩን አምጥተው ገጠሙ። ቢጫ እሳት ማለት ጋዙ በቂ አየር ሳያገኝ እየነደደ ነው ማለት ነው። ጥላሸት ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድም ያወጣል። አክስቴ በር ዘግታ ስትጠብስ የከረመችው በዚህ እሳት ነው።

የማይጠገነው

ሁለተኛውን ረድፍ አልነኩትም። ጎማው ተሰነጣጥቋል፣ የሬጉሌተሩ አፍ ዝጓል። «ደህና አሮጌ ጎማ የለዎትም? ብር አጥሮኛል» ብዬ ለመንኳቸው። መዶሻውን አስቀመጡና፣ «ትሪው ቢበሳ ዘይት ይፈሳል። ጎማው ቢበሳስ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «እኔ ብረት ነው የምሠራው። ጋዝ የሚያልፍበትን አዲስ ግዢ።»

ትክክል ነበሩ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፣ ወለል ላይ ይተኛል። የምናሸተው ሽታ እንኳን የራሱ አይደለም፣ ማፍሰሱ እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመርበት ነው።

ብሩን እስክናገኝ ሁለት ቀን ፈጀብን፤ አክስቴ ሁለት ቀን ምሳ ሳትሸጥ ቀረች፣ እኔንም ተቆጣችኝ። አዲሱን ጎማና ሬጉሌተር ከገጠምን በኋላ በነገሩን መሠረት፣ ምድጃዎቹን ሳንለኩስ ሲሊንደሩን ከፍተን መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀባን። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ አይቻልም። አንዱ ጋ አረፋው መንፋት ጀመረ። ዘግተን አጠበቅነው፣ ደግመን ቀባን፣ ቆመ። ሲለኮስ እሳቱ ሰማያዊ ነበር።

ለእኛ ሙያ

«ምን ትሠራላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ያገኘሁት ሁሉም የሚያውቀውን መልስ ነበር። የሰውየው ዕውቀት የወጣው የማይሠሩትን ስጠይቅ ነው፤ ያውም ለጽሑፍ ብዬ ሳይሆን ገንዘብ ለማትረፍ ስከራከር።

ሆኖም አዲሱን ዓረፍተ ነገር «ምናለሽ ተራ ጋዝ የሚያልፍበትን አይጠግኑም» ብዬ ልጽፍ ስል ያ ቀይ እስክሪብቶ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ሁለት ሌሎች ባለሙያዎች ጠየቅኩ። አንዱ እንደ መጀመሪያው ሰው መለሱልኝ። ሌላው ግን «አምጪው፣ በላስቲክ ጠምጥሜ አጠብቅልሻለሁ» አለኝ።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ለመምህሬ ያስረከብኩት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ምናለሽ ተራ ካነጋገርኳቸው ሦስት ባለሙያዎች ሁለቱ የተሰነጠቀ የጋዝ ጎማ አንጠግንም ብለዋል፤ አንዱ እጠግናለሁ ብሏል።» እንደ መጀመሪያው አያምርም። ግን አንብቦ ስቶቩን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ማንን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።