ፊልሙን ከመክፈትሽ በፊት

ልጄ፣ የቶልኪንን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ሦስቱንም ቅጽ ጨርሰሽ ስትመልሽልኝ «ፊልሙን በፍላሽ አስጭኜዋለሁ፣ ግን ፈራሁ። ልየው ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። መልሴ ግን «እዪው» ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ቆቦ እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ መጽሐፍና ፊልም ሲጣሉም ሲስማሙም አይቻለሁና ጥቂት ልምከርሽ።

1. መጀመሪያ አንቺ ያየሽውን ጻፊው።

ያን መጽሐፍ ያነበብሽው ማሽላው ሲያሽት፣ ማማ ላይ ወጥተሽ ወፍ ስትጠብቂ ነው። አንድ ገጽ ታነቢያለሽ፤ ግሪሳው ሲወርድ መጽሐፉን በደረትሽ ደፍተሽ ወንጭፍሽን ታስጮኺያለሽ፤ ከዚያ ያቆምሽበትን መስመር ትፈልጊያለሽ። ደራሲው ስለ ጭጋጋማ ተራሮች ሲያወራ ዐይንሽ ያረፈው ዞብል ላይ ነው። የሆቢቶቹን ለምለም አገር ስታነቢም የታየሽ የጎሊና ዳር የመስኖ እርሻ እንደሆነ ራስሽ ነግረሽኛል። ቶልኪን ኦክስፎርድ ተቀምጦ ሲጽፍ ስለ ዞብል የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ያም ሆኖ አንቺ የሰጠሽው ተራራ በመጽሐፉ ውስጥ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ደራሲው ቃሉን ሰጥቶሽ መልኩን ላንቺ ትቶታልና።

የፊልሙ ዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን የኒውዚላንድ ሰው ነው። ሦስቱንም ክፍል የቀረጸው በገዛ አገሩ ነው፤ የሆቢቶቹን መንደርም ማታማታ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ በግ በሚረባበት መሬት ላይ አሠራው። እሱ ያደረገው አንቺ ማማ ላይ ያደረግሽውን ነው፤ የሚያውቀውን አገር ለመጽሐፉ ሰጠ። የእሱን ግን ካሜራ ቀርጾት ዓለም ሁሉ አየው፤ ያንቺ ያለው በልብሽ ብቻ ነው። የእሱን ተራራ ደጋግመሽ ካየሽ ዞብል ከመጽሐፉ ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ ዛሬውኑ ደብተር አውጪ። ጋንዳልፍ ምን ይመስላል? ድምፁስ የማንን ይመስላል? ጎለም ለራሱ ሲያጉረመርም ምን ሰማሽ? ፍሮዶና ሳም የወጡት እሳተ ገሞራ ቁመቱ ምን ያህል ነው? ሁሉንም አስፍሪ። ፊልሙን ካየሽ በኋላ ልጻፍ ብትዪ እጅሽ የጃክሰንን ሥዕል ነው የሚጽፈው።

2. ተዋናዩን በመልኩ አትፍረጂበት።

ይህን ነገር እኛ በራሳችን መጽሐፍ አልፈንበታል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ብዙውን ሕዝብ ያዳረሰው ግን በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ፊታውራሪ መሸሻንም፣ ጉዱ ካሳንም፣ በዛብህንም፣ ሰብለ ወንጌልንም ሆነ። ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ ይሰማ ነበር፤ መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ገበሬ የበዛብህን ነገር እንደ ዘመዱ ነገር ያነሣና ይጥል ነበር።

ልብ በዪ፤ ወጋየሁ የሰጠን ድምፅ ነው፣ መልክ አልሰጠንም። ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ የቆቦ ሰው የፊታውራሪን ግቢ ያየው ራሱ በሚያውቀው ባላባት ግቢ አምሳል ነው። ለእኔ እስከ ዛሬ ሰብለ ወንጌል የራያ ሹሩባ ተሠርታ ነው የምትታየኝ። በቅርብ ዓመት ልብ ወለዱ ተከታታይ ድራማ ሆኖ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲመጣ፣ በሰፈራችን ቡና ላይ የተነሣው ክርክር ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። «ሰብለ ይቺ አይደለችም» ያለ ሁሉ ስለ ራሱ ሰብለ እውነቱን ተናግሯል። ስለ ተዋናይቷ ችሎታ ግን ገና ምንም አላለም። ፍሮዶን የሚሠራው ልጅ ያንቺን ፍሮዶ ባይመስል አይድነቅሽ። አንድ ሰዓት ታገሺውና ቀለበቱ ሲከብደው ትከሻው ይከብድ እንደሆነ እዪ። ፍርድሽ በዚያ ላይ ይሁን።

3. የተዘለለውን ገጽ አትቁጠሪ፤ የተዘለለው ምን እንዳሳጣ ጠይቂ።

ሦስቱ ፊልሞች እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ2002 እና በ2003 ሲኒማ ቤት ሲገቡ አንድ ላይ ከዘጠኝ ሰዓት ትንሽ ያልፋሉ። መጽሐፉን ጮክ ብለሽ ብታነቢው ቀናት ይፈጅብሻል። መቁረጥ ግድ ነው። ቶም ቦምባዲልን ፈልገሽ ታጪዋለሽ፤ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን እሱ ቢወጣ ታሪኩ አይጎድልም። በመጽሐፉ በቢልቦ ልደትና በፍሮዶ መንገድ መካከል 17 ዓመት ያልፋል፤ በፊልሙ ግን ያ ጊዜ መኖሩ እንኳ አይሰማሽም። ይህም ይሁን።

ይቅር የማልለው አንድ መቁረጥ አለ። በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ አራቱ ሆቢቶች ድል አድርገው ሲመለሱ፣ የገዛ አገራቸው በሳሩማን ሰዎች እጅ ወድቆ፣ ዛፎቹ ተገንድሰው፣ ወፍጮው ፈርሶ በቦታው ጭስ የሚተፋ ሌላ ተሠርቶ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየፈራ ያገኙታል። ዓለምን ያዳኑ ሰዎች ደጃቸውን ሊያድኑ እንደገና ይዋጋሉ። ጃክሰን ይህን ሁሉ ትቶታል፤ በመጀመሪያው ክፍል ፍሮዶ በጋላድሪየል መስታወት ውስጥ ለአፍታ የሚያየው ቃጠሎ ብቻ አለ። መጨረሻ ላይ ሆቢቶቹ ሲመለሱ መንደሩ እንደ ጥንቱ ነው፤ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሰው ይስቃል፣ እነሱን ቀና ብሎ ያየ የለም።

ልጄ፣ ከ2013 ክረምት ጀምሮ ጦርነት ደጃችን ድረስ መጥቶ ያየን የቆቦ ሰዎች ነን። ጦርነት ሩቅ ተካሂዶ፣ ሰው ቤቱን እንደተወው የሚያገኝበት ታሪክ ለኛ ሙሉ አይደለም። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1916 በሶም ጦር ሜዳ የነበረ፣ የቅርብ ጓደኞቹን በዚያ ጦርነት የቀበረ ሰው ነው፤ ከጦርነት የተመለሰ ሰው የሚያውቀውን ያውቃል። ያን ምዕራፍ ፊልሙን ከጨረስሽ በኋላ ተመልሰሽ አንብቢው። መጨረሻው እሱ ነው።

4. መቁረጥ ሌላ፣ መለወጥ ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካውያን ፊልም ልንሠራ ነው ብለው ለቶልኪን ረቂቅ ልከውለት ነበር። አነበበውና ቅሬታውን አንድ በአንድ ዘርዝሮ መለሰ። ማሳጠሩን በራሱ አልተቃወመም። ሁለት ታሪክ ተጨምቆ ሁለቱም ከሚበላሽ አንዱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ ባይ ነበር። ከዛፍ እረኞቹ ከኤንቶችና ከሆርንበርግ ምሽግ ጦርነት አንዱ መቅረት ካለበትም ጦርነቱ ይቅር ብሏል። አሁን ሁለተኛውን ክፍል ስታዪ ያ ጦርነት የፊልሙ ትልቁ ትዕይንት ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ኤንቶቹ ዳር ተገፍተዋል። ደራሲው ያስቀደመውና ሲኒማው ያስቀደመው የት ላይ እንደተለያዩ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቦታ የለም። የደራሲው ልጅ ክሪስቶፈር ቶልኪን ፊልሞቹን ሳይወዳቸው የሞተው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ፋራሚርንም ተጠንቅቀሽ እዪው። በመጽሐፉ ቀለበቱ እጁ ላይ ሊወድቅ እየቻለ አይነካውም። በፊልሙ ግን ፍሮዶን ማርኮ ወደ ኦስጊሊያት ይወስደዋል፤ የሚለቀው በኋላ ነው። የፊልሙ ጸሐፊዎች ምክንያት አላቸው፤ ቀለበቱን በቀላሉ እምቢ የሚል ሰው ካለ የቀለበቱ ኃይል ያንሳል ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። ደም ለማድረቅ የሚቀመጡ አበጋሮቻችንን አይተሻል፤ መካከላቸው ምንም ቢቀርብለት እጁን የማይዘረጋ ሰው አለ። እሱ መኖሩ የገንዘብን ኃይል አላሳነሰም። ቶልኪንም እንዲህ ያለ ሰው አንድ ይኑር ብሎ ነው የጻፈው፤ ፊልሙ ያን ሰው ነጠቀን።

5. ሲኒማው የበለጠበትን ሳትሰስቺ መስክሪ።

መጽሐፍ የሚወድ ሰው አንዳንዴ ለፊልም ምስጋና መስጠት ክህደት ይመስለዋል፤ አይደለም። የቦሮሚር አሟሟት በመጽሐፉ ውጊያው ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰን፤ አራጎርን ሲደርስ እሱ ዛፍ ተደግፎ ያጣጥራል። ጃክሰን ውጊያውን ራሱን አሳየን፤ ፍላጻው ሲመታው፣ ተንበርክኮ ሲነሣ፣ እንደገና ሲመታ። እዚያ ላይ ከመጽሐፉ ይልቅ ፊልሙ አስለቅሶኛል። ጎለምን ደግሞ አንዲ ሰርኪስ የሚባል ተዋናይ በአካሉና በድምፁ ሠርቶት ኮምፒውተር አልብሶታል። ከራሱ ጋር የሚጣላበትን ትዕይንት ስትደርሺ ስልክሽን አስቀምጪ። መጽሐፉን ለዓመታት ሲሥሉ የኖሩትን አለን ሊንና ጆን ሃውን ጠርቶ ማሠራቱም ትልቅ ብልህነት ነው። ሦስተኛው ክፍል 11 ኦስካር የወሰደው በከንቱ አይደለም።

6. «ሆቢት»ን በፊልም አትጀምሪው።

እ.ኤ.አ. በ1937 የታተመ፣ ለልጆች የተጻፈ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ከእሱ ሦስት ፊልም፣ ስምንት ሰዓት ገደማ አወጡበት። ለአንድ ምጣድ የተቦካ ሊጥ ለሦስት ሲዘረጋ እንጀራው ዐይን አያወጣም። መጽሐፉ ይበቃሻል።

7. በስልክ አትዪው፤ ብቻሽንም አትዪው።

ያ ሁሉ ተራራ በመዳፍ ልክ መስታወት ላይ አይታይም። መብራት ባለበት ቀን ፍላሹን ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ፣ መጽሐፉን ካነበበችው ጓደኛሽ ጋር እዩት። በላዩ ላይ የሚተረክበትን ትርጉም ፊልም ከያዝሽ ለዋናው ለውጪው፤ እንግሊዝኛሽ ከበቂ በላይ ነው፤ የጎለምን ድምፅ በሌላ ሰው ድምፅ ሸፍነሽ ማየት ኪሳራ ነው። ፊልሙ እየሄደ «መጽሐፉ ላይ እንዲህ አልነበረም» አትበዪ። ሲያልቅ ግን እስኪበቃችሁ ተከራከሩ። ደብተርሽን አውጥተሽ የጻፍሽውንም አንብቢላት።

8. ይህ ዓይነቱ ታሪክ የባዕድ ብቻ አይምሰልሽ።

የእስክንድር ታሪክ በግዕዝ ተጽፎ፣ የጨለማውን ምድርና የሕይወት ውሃን ፍለጋ አባቶቻችን ሲያነቡት ኖረዋል። የራያ አሮጊቶች ማታ ማታ የሚነግሩትንም ታውቂያለሽ። ዞብልን ለቶልኪን አውሰሽዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ ለራስሽ ታሪክ አድርጊው። ዕድሜ ከሰጠኝ የመጀመሪያ አንባቢሽ እኔ ነኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ፊልሙን ካየ መጽሐፉን እንደማይነካው አንቺም ታውቂያለሽ። ሦስቱን ቅጽ ነገ መጥተሽ ውሰጂለትና እስኪጨርስ ድረስ ፍላሹን ደብቂው።