የባሕር እንስሳት ቅርፊትና የአርዲቦ ሐይቅ ውኃ

በባሕር ዳርቻ በሚኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ከማዕድ የሚተርፈው የሸርጣንና ሽሪምፕ የሚባለው እንስሳ ቅርፊት እንደ ጥራጊ ይጣል ነበር። ዛሬ ግን ከዚሁ ውዳቂ ውኃን የሚያጠራ ነገር ይወጣል። ይህ ዕውቀት ለአርዲቦ ሐይቅ ነዋሪ ምን ይጠቅመዋል? በምንስ ሊያሳስተው ይችላል?

የቅርፊቱ ሥራ፤ ቅርፊቱ በአሲድ ታጥቦ ኖራማው ክፍል ከወጣለት በኋላ በብርቱ አልካሊ ሲቀቀል ኪቶሳን ይሆናል። ውኃን የሚያደፈርሱት የጭቃ ቅንጣቶች ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ኃይል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ስለዚህም ቶሎ አይዘቅጡም። ኪቶሳን ፖዘቲቭ ስለ ሆነ ያያይዛቸዋል፤ ከብደውም ይዘቅጣሉ። ይህ በፋብሪካ የሚሠራ ነው፤ የተወቀጠ ቅርፊት ብቻውን ኪቶሳን አይሆንም።

በአገራችን፤ እኛ ደግሞ የከብት አጥንት አለን። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርስን ያበላሻል፤ አጥንትንም ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት የወሰነው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። አየር በማይበዛበት ምድጃ የከሰለ አጥንት ፍሎራይድን ስለሚይዝ፣ በዚያ አካባቢ ለውኃ ማጣሪያ ውሏል።

ማስጠንቀቂያ፤ እንግዲህ እያንዳንዱ ማጣሪያ የራሱ ሥራ አለው። ኪቶሳን ጭቃን፣ የአጥንት ከሰል ፍሎራይድን ይይዛል፤ ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጡትን ተውሳኮች ይገድላሉ ተብሎ ግን በሁለቱም አይታመንም። የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

ደግሞም መምህራን ለትምህርት መሣሪያ ብለው ልጆችን ወደ ሐይቅ ገብተው የቀንድ አውጣ ቅርፊት እንዲለቅሙ አይላኩ። የቢልሃርዝያ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውኃ ይወጣል፤ የሰውንም ቆዳ በስቶ ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የታተመ ጥናት በሽታው በሐይቅ ከተማ መኖሩን ገልጿል።

በቤት የሚደረግ፤
1ኛ/ ውኃውን አዝቅጦ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል።
2ኛ/ ማፍላት። አርዲቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ወይም ውኃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን መድኃኒት በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ።
3ኛ/ ክዳን ባለው፣ አፈ ጠባብ ዕቃ ማኖር፤ ኩባያ ነክሮ ከመቅዳት ይልቅ አዘንብሎ መቅዳት።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች፤
ሀ/ ኪቶሳን ጭቃን የሚያዘቅጠው እንዴት ነው?
ለ/ የጠራ ውኃ ስለምን ይፈላል?
ሐ/ በቤታችሁ ውኃ የሚቀዳው በምን ዓይነት ዕቃ ነው?