ቀስ በቀስ

ካርቲየ 7 ቢስ በጅቡቲ ከተማ በቁጥር ከሚጠሩት ሠፈሮች አንዱ ነው። «ቢስ» የሚለው ቃል በአማርኛ ጉድለትን ያመለክታል፤ ዕድል የጎደለው ሰው «ዕድለ ቢስ» ይባላል። በሠፈሩ ስም ላይ ያለው «ቢስ» ግን ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ አንድ ቁጥር ለሁለተኛ ጊዜ መደገሙን ይገልጻል። የአካል እንቅስቃሴ ልማድም የሚገነባው በአንድ ቀን ብርታት ሳይሆን በመደጋገም ነው።

በዚህ ሠፈር የሚኖር አንድ ወጣት ሰውነቱን ለማጠንከር ቢወስን፣ በመጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው ጉዳይ የሚሮጠው ርቀት ሳይሆን የሚነሣበት ሰዓት ነው። ጅቡቲ ከተማ በባሕር ዳርቻ የምትገኝ ቆላ ናት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ስለዚህ ለእንቅስቃሴ የሚመቸው ጊዜ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ነው።

ጀማሪዎችን ብዙውን ጊዜ የሚያሰናክላቸው ስንፍና ሳይሆን ችኮላ ነው። ጀማሪው በመጀመሪያው ቀን እስኪያለከልክ ይሮጣል፤ በማግሥቱ ባቱና ጭኑ ይተሳሰራል፤ በሦስተኛው ቀን ከመኝታው አይነሣም። ሳምንቱ ሳይሞላም ጫማው ከአልጋ ሥር ይቀራል። የዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልብና ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲበረቱ፣ ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። ሰውነት ሙቀትን እስኪለምድም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ይህን ሳይገነዘብ በቀትር የሚሮጥ ሰው በሙቀት ሊመታ ይችላል። ራሱን የሚያዞረው ወይም የሚያቅለሸልሸው ሰው ወዲያውኑ ማቆም፣ ጥላ ሥር ማረፍና ውሃ መጠጣት አለበት። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ከወደቀ ግን ለሕይወቱ አስጊ ስለሆነ፣ ሰውነቱን በውሃ እያቀዘቀዙ በፍጥነት ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል።

እንግዲያስ ጀማሪ እንዴት ይጀምር? በመጀመሪያ ሰዓቱን ይወስን፤ እንቅስቃሴውንም ዘወትር ከሚያደርገው ነገር ጋር ያያይዘው። ለምሳሌ ጧት ፊቱን እንደታጠበ ወዲያው ጫማውን ያጥልቅ። በመጀመሪያው ሳምንት ዐሥር ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃዋል። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃዎችን ይጨምር፤ ቆይቶም አንድ ደቂቃ እየሮጠ ሁለት ደቂቃ ይራመድ። መለኪያው ትንፋሹ ነው፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተው ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህ ግን የሚደረስበት ግብ እንጂ የመጀመሪያው ቀን ሥራ አይደለም።

ልማድ በምን ያህል ጊዜ ይጸናል? በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ96 ፈቃደኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። በጥናቱ ግምት መሠረት አንድ ተግባር ልማድ እስኪሆን የፈጀው ጊዜ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ሲሆን፣ መካከለኛው 66 ቀን ነበር። አንድ ቀን መቅረት ልማዱን እንደማያፈርስም ታውቋል። ስለሆነም ጀማሪን ከመንገዱ የሚያስቀረው አንዱን ቀን ማስታጎሉ ሳይሆን፣ «ከተበላሸ ወዲያ» ብሎ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን መተዉ ነው።

የጽናትን ፍሬ ለመመልከት ከጅቡቲ ምድር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጅቡቲያዊው ሯጭ ሁሴን አሕመድ ሳላሕ እ.ኤ.አ. በ1985 በሂሮሺማ በተደረገው የማራቶን የዓለም ዋንጫ አንደኛ ወጣ። በ1987 በሮም በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ሆነ። በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ፈጽሞ ሦስተኛ በመውጣት ለአገሩ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳልያ አስገኘ። በ1991ም በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና እንደገና ሁለተኛ ሆነ። ከአንዱ ውድድር እስከ ሌላው የነበሩት ወራት ያለፉት ተመልካች በሌለበት ልምምድ ነው።

እርግጥ ነው፣ ጧት ተነሥቶ ዐሥር ደቂቃ የሚራመድ ሁሉ ሜዳልያ አያገኝም። ሆኖም ትላንት የተራመደውን መንገድ ዛሬም ከደገመው፣ ነገ መነሣቱ ይቀለዋል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለውም ስለዚህ ነው።

መልመጃ

1. «ቢስ» የሚለው ቃል በአማርኛና በሠፈሩ ስም ላይ ያለውን የትርጉም ልዩነት አስረዱ።
2. ጀማሪዎችን ብዙውን ጊዜ የሚያሰናክላቸው ምንድን ነው? ምክንያቱን ከምንባቡ አውጥታችሁ ጻፉ።
3. «ማስታጎል»፣ «ጎሕ» እና «ጽናት» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
4. በምንባቡ መጨረሻ ያለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከእንቅስቃሴ ልማድ ጋር ያለውን ግንኙነት በአንድ አንቀጽ ግለጹ።