ሆርሞን የሐሞት ቱቦ ሕዋሳትን እንዴት ያሳድጋል?

በካርቱም ዐማራት ሠፈር ፉል በሰሊጥ ዘይት በልታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ ዘይት እንዲፈጭ የሚያግዘው ሐሞት ነው። ሐሞት በጉበት ውስጥ ይሠራና በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ አንጀት ይወርዳል።

ቱቦዎቹ ማስተላለፊያ ብቻ አይደሉም፤ ውስጣቸው በሕዋሳት የተሸፈነ ነው። አሲድ ያዘለ ምግብ ከጨጓራ ወደ አንጀት ሲገባ ሰክሪቲን የተባለ ሆርሞን በደም ተጉዞ ይደርሳቸዋል። ሕዋሳቱም ውሃና ባይካርቦኔት እየጨመሩ ሐሞቱን ያቀጥኑታል። ሰክሪቲንን በ1902 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ያገኙት ቤይሊስና ስታርሊንግ ናቸው።

ሆርሞን እድገትንም ይቆጣጠራል። በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር የሐሞት ቱቦ በክር ሲታሰር ሕዋሳቱ ይባዛሉ። ሰክሪቲንና ኢስትሮጅን ብዜቱን ያፋጥናሉ፤ ሶማቶስታቲን ግን ይገታዋል። ስለዚህ እድገቱ የሚወሰነው በሚያፋጥኑትና በሚገቱት መካከል ባለው ሚዛን ነው።

እናቶች ሆይ፤ ኢስትሮጅን በእርግዝና መጨረሻ ወራት በጣም ከፍ ይላል። በአንዳንድ ሴቶችም የሐሞትን ፍሰት ያዘገያል። ሽፍታ ሳይኖር መዳፍንና የእግርን ውስጥ የሚያሳክክ ከሆነ ለፅንሱ ሊያሰጋ ስለሚችል ሳትዘገዩ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። የማንም ሰው ዐይን ቢጫ ሲሆንም «የወፍ በሽታ ነው» ብላችሁ ቅጠል ጨምቃችሁ አታጠጡ። ምክንያቱ ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ይመርመር።

ጥያቄ፦
1. ሰክሪቲን ወደ ሐሞት ቱቦ የሚደርሰው በምን ተጉዞ ነው?
2. የሕዋሳቱን ብዜት የሚገታው ሆርሞን የትኛው ነው?