ለእህቴ ልጅ፦ ከላቲኖ ታካሚዎች ጋር ስትሠሪ

ልጄ፣ የሱስ ሕክምና አማካሪነት ፈቃድሽን አግኝተሽ ዲሲ ውስጥ ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለ ክሊኒክ መቀጠርሽን እናትሽ ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ «ሂስፓኒክ ባህል» ሥልጠና ይሰጡሻል። ቤተሰብ ወዳድ ናቸው፣ ሃይማኖተኛ ናቸው፣ ወንዶቹ ኩሩ ናቸው ይሉሻል። ውሸት አይደለም፤ ግን ያን ብቻ ይዘሽ ታካሚ ፊት ብትቀመጪ የትም አያደርስሽም። እኔ በዚህ ሥራ አርጅቼ የያዝኩት ነገር ቢኖር፣ የሰውየው ባህል ያለው እስከ ዛሬ ለማቆም ባደረገው ሙከራ፣ አብሮት በመጣው ሰውና በሚፈራው ነገር ውስጥ መሆኑን ነው። ከዚያ ልጀምርልሽ።

1. አገሩን ጠይቂ። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከ62 ሚሊዮን በላይ ሰው «ሂስፓኒክ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ገብቷል። የፖርቶ ሪኮ ሰው ከ1917 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ ነው፤ ኢሚግሬሽን አያስፈራውም። ከጎኑ የተቀመጠው ጓቲማላዊ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለ ወረቀቱ ሲያስብ ያደረ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ሁሉም ስፓኒሽ አፉን የፈታበት እንዳይመስልሽ። ከጓቲማላ ደጋ የመጡት ማም ወይም ኪቼ፣ ከሜክሲኮዋ ዋሃካ የመጡት ሚሽቴክ ወይም ሳፖቴክ የሚናገሩ አሉ፤ ስፓኒሽ ለእነሱ የገበያና የፖሊስ ጣቢያ ቋንቋ ነው። አስተርጓሚው ለጠየቀው ሁሉ «ሲ፣ ሲ» የሚል ሰው ካየሽ ቅጹን አቁሚና ቤቱ ምን እንደሚናገር ጠይቂው። እኛንስ ሁላችንንም በአንድ ቋንቋ ሲመዘግቡን እንናደድ የለ?

2. የሰፈርሽን ታሪክ እወቂ። ከክሊኒክሽ አጠገብ ማውንት ፕሌዘንት የሚባለው ሰፈር ውስጥ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1991 አንዲት ፖሊስ በአደባባይ ሲጠጡ የነበሩ ሰዎችን ልትይዝ ስትል አንድ ሳልቫዶራዊ በጥይት መታች። ሰፈሩ ለቀናት ታመሰ። የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በ1993 ባወጣው ሪፖርት የከተማዋ ላቲኖዎች ከሕዝብ አገልግሎት ምን ያህል እንደተገለሉ ጻፈ። ከሰፈሩ ሳልቫዶራውያን ብዙዎቹ አገራቸው ውስጥ ከ1980 እስከ 1992 ከዘለቀውና 75 ሺህ ያህል ሰው ካለቀበት የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ነበሩ። የእኛም ሰው ከደርግ ሸሽቶ ወደዚችው ከተማ የመጣው በዚያው ዘመን ነው፤ ደረጃ ላይ ሰላምታ እየተለዋወጥን አንድ ሕንፃ ውስጥ ኖረናል። ዛሬ ስድሳ የሞላው ሰው ፊትሽ ተቀምጦ «ለእንቅልፍ ነው የምጠጣው» ቢልሽ፣ እንቅልፉን ያጣው የት እንደሆነ ሳታውቂ ስለ መጠጡ አትስበኪው። ኡስቴድ ብለሽ አናግሪው፤ አንቱ እንደማለት ነው።

3. ሁራሜንቶን፣ መሐላውን ማለት ነው፣ አትናቂ። በተለይ ሜክሲካውያን ዘንድ፣ መጠጥ ያሸነፈው ሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በጓዳሉፔዋ እመቤታችን ሥዕል ፊት «ይህን ያህል ጊዜ አልጠጣም» ብሎ ይምላል። መሐላው ገደብ አለው፤ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት። ቄሱ ይባርከዋል፤ ብዙ ጊዜም የእመቤታችን ምስል ያለበት፣ ስሙና መሐላው የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ፈርሞ ይሰጠዋል። ካርዱ ኪስ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። ጓደኞቹ ቢራ ሲጋብዙት አውጥቶ ያሳያቸዋል፤ ማንም አያስገድደውም። ግብዣ መግፋት ነውር በሆነበት ቦታ፣ ማንንም ሳያስቀይም እምቢ የሚልበት መንገድ አገኘ ማለት ነው። ስለት ገብቶ ከአረቄ የራቀ ዘመድ ላለን ለእኛ ይህ እንግዳ አይሆንብንም። አንዳንድ ባልደረቦችሽ ግን «ችግሩን መካድ ነው» ብለው ፋይሉ ላይ ይጽፉበታል።

ካርዱን ካየሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ የመጨረሻውን ብርጭቆ መቼ ጠጣ? በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና ትኩሳት፣ ካልታከመም ሞት ሊመጣ ይችላል። እሑድ ምሎ ማክሰኞ ከሥራ ቦታ በአምቡላንስ የሚወሰድ ሰው እምነት ጎድሎት አይደለም። እንዲህ ያለውን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሁለተኛ፣ መሐላው መቼ ያበቃል? ቀኑን ካላንደርሽ ላይ ጻፊው። ብዙዎች አንድም ቀን ሳያጓድሉ ይፈጽሙና በማግስቱ ይሰክራሉ፤ ቃላቸውን ጠብቀዋልና አያፍሩበትም፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ከማብቂያው ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ቅጠሪው። ያድሰው እንደሆነ፣ ካላደሰው ያን ቅዳሜ የት እንደሚውል ተነጋገሩ። ከፈቀደ ቄሱንም አነጋግሪ። መሐላው ካለ ሥራሽ ተጀምሮልሻል፤ ከዜሮ አትነሺ።

4. ቤተሰቡን አስገቢ፣ ልጁን ግን አስተርጓሚ አታድርጊ። ሆሴ ሻፖችኒክ የሚባል የኩባ ተወላጅ ምሁር በ1970ዎቹ ማያሚ ውስጥ ዕፅ የጀመሩ የኩባ ስደተኞች ልጆችን ሲያክም ያየው ነገር አለ። ልጆቹ ቶሎ አሜሪካዊ ይሆናሉ፤ ወላጆቹ ባሉበት ይቀራሉ፤ ቤት ውስጥ ሁለት አገር ይፈጠራል። ከባልደረቦቹ ጋር ያዳበረው ሕክምና ልጁን ለብቻው ከማስቀመጥ ይልቅ ቤተሰቡን በአንድ ክፍል ሰብስቦ በመካከላቸው ያለውን አካሄድ ያርማል። ልጅ የአባቱን ስካር ለአማካሪ ሲተረጉም ግን ያ ቤት ይገለበጣል፤ አባት ፊቱን ግድግዳ ላይ ተክሎ ይቀመጣል፣ ልጅ መጥፎውን እየዘለለ ይተረጉማል። ከ2016 ጀምሮ የፌዴራል ደንብም ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር ልጆችን ለዚህ መጠቀም ይከለክላል። ስልክ ላይ አስተርጓሚ አለ፤ ደውዪ።

5. ወረቀት ስለሌለው ሰው። ምን እንደሚያስፈራው አይነግርሽም፤ አድራሻውን ሲያሳስት ታውቂያለሽ። የሱስ ሕክምና ፋይል ከ1970ዎቹ ጀምሮ በልዩ የፌዴራል ሕግ የተጠበቀ መሆኑን፣ በጽሑፍ ካልፈቀደ ወይም ሕጉ በስም ከጠቀሳቸው ጥቂት ሁኔታዎች ውጭ እንደማይሰጥ ጥያቄ ከመጀመርሽ በፊት በቋንቋው ንገሪው። «አይዞህ» ብቻ ብለሽ አትለፊው። ሌላም አለ፦ ዲሲ ውስጥ ማሪዋና መያዝ ከ2015 ጀምሮ ለአዋቂ ተፈቅዷል፤ በፌዴራል ሕግ ግን ክልክል ነው፤ ኢሚግሬሽን የሚያየው ደግሞ የፌዴራሉን ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ስለ ማሪዋና ለኢሚግሬሽን ሠራተኛ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጠበቃ ያማክር። ይህን ለእኛም ልጆች ንገሪያቸው፤ ስንቶቹ አያውቁትም።

6. መድኃኒቱን ለቤተሰቡ አስረጂ። ኦፒዮይድ ለያዘው ሰው ቡፕረኖርፊን ወይም ሜታዶን የመሞት ዕድሉን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እናቲቱ ግን «አንዱን ዕፅ በሌላ መተካት ነው» ትላለች፤ ፓስተሩም ይደግማታል። ሶኒ አርጊንሶኒ የተባለ በሄሮይን የተሠቃየ፣ ከፖርቶ ሪኮ ቤተሰብ የተወለደ ሰው በ1967 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቪክትሪ አውትሪች የተባለውን አገልግሎት ካቋቋመ ወዲህ በጸሎት ብቻ ዳንኩ የሚሉ ብዙዎች አሉ። አትከራከሪያቸው። ጸሎቱም ይቀጥል፣ ኪኒኑም ይቀጥል በይ። ኦፒዮይድ ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው የሚያነቃውን የሚረጭ ናሎክሶን ደግሞ ለእናቲቱ ስጪና እንዴት እንደሚረጭ አሳይተሽ ላኪያት፤ ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል።

7. ሰዓት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የቡድን ስብሰባ ብትጠሪ ማንም አይመጣም። አናጺው ጣሪያ ላይ፣ ሳህን አጣቢው ወጥ ቤት ነው። ምሽቱን ወይም እሑድ ከሰዓትን ጠይቂ።

8. ሴቶቹ ዘግይተው ነው የሚመጡት። ወንድ ቢጠጣ ይታለፋል፣ ሴት ብትጠጣ የቤቱ ኀፍረት ነው፤ በዚያ ላይ ልጆቼን ይወስዱብኛል የሚል ፍርሃት አለባት። በእንቅልፍ ማጣት ወይም በራስ ምታት አሳብባ ለሌላ ሐኪም ቀርባ ሊሆን ይችላል። ልጆች የሚቆዩበት ክፍል ከሌለ «አልተባበረችም» ብለሽ አትጻፊባት።

9. የሰፈሩን ሰው አስቀጥሪ። ባህልን ያገናዘበ ሕክምና ለብዙዎች የዩኒቨርሲቲ ፈጠራ ይመስላቸዋል፤ ግን ከሰፈርም መጥቷል። በ1970 ኒው ዮርክ፣ ሳውዝ ብሮንክስ ውስጥ ያንግ ሎርድስ የሚባሉ የፖርቶ ሪኮ ወጣቶች ከጥቁር አክቲቪስቶችና ከሱስ ከወጡ ሰዎች ጋር ሆነው ሊንከን ሆስፒታል ገብተው ቦታ ያዙ፤ ሰፈሩ በሄሮይን እያለቀ ሆስፒታሉ የሱስ ሕክምና አልነበረውም። በዚያ ትግል ሊንከን ዲቶክስ ተከፈተ፤ ታካሚውን በገዛ ቋንቋው፣ ከሰፈሩ በወጡ ሰዎች አከመ። ዛሬ በብዙ ክሊኒኮች የምታዪው የጆሮ አኩፓንክቸርም መነሻው እዚያ ነው። ፖለቲካው አልተወደደላቸውም፤ በ1978 ከተማው ፕሮግራሙን ከሆስፒታሉ አስወጣው። አለቃሽን የምትጠይቂው ግን ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፦ ከመጠጥ የወጣ፣ ሰፈሩ የሚያውቀው አንድ ሳልቫዶራዊ ቡድንሽ ውስጥ ይቀጠር። በጀት የለም ካሉሽ፣ ሜዲኬይድ በብዙ ስቴቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ እንደሚከፍል ንገሪያቸው።